የሴቶቹ ጥያቄ ሁልጊዜ ለምን "በኋላ" ይባላል? የሠራተኛ ማኅበር ከኒው ዮርክ እስከ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ከተወራ ወሬው ከባቡር ነው የሚጀምረው። ያስኬዳል። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1947 ማኅበር አቋቋሙ። በ1949 ሥራ አቆሙ፤ አድማው በኃይል ተበተነ። ያኔ ሠራተኛ ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር እንዲደራደር የሚፈቅድ የሠራተኛ ሕግ በአገሩ አልነበረም። እሱ በድንጋጌ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ አዋጅ የሆነው ደግሞ በ1963። የድሬ ባቡረኞች ሕጉን ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመውታል። የሚያኮራ ታሪክ ነው።

ግን ታሪኩ ሲነገር ሴት የለችበትም። መካኒኩ አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ ትኬት ቆራጩ አለ። በዘይት የራሰውን ቱታ ያጠበችው፣ ሌሊት ለሚወጣው ስንቅ የቋጠረችው፣ ደመወዝ በቀረበት ወር ቤቱን ያቆመችው የለችም። ይሁን፣ እሷ ተቀጣሪ አልነበረችም እንበል። ተቀጥራ የሠራችውስ? "በዚያ ዘመን ሴት ሠራተኛ የት ነበረች?" የሚል አይጠፋም። ሩቅ አልነበረችም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተመሠረተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበረች። በቡና መጋዘኖች ውስጥ ነበረች። በመጋዘኖቹ ዛሬም አለች።

ይህን የማነሳው የሞተ ታሪክ ለመቆስቆስ አይደለም። በከተማችን አዳዲስ ፋብሪካዎች እየተከፈቱ ነው፤ ስፌት ባለበት ሁሉ ደግሞ አብዛኛውን ወንበር የሚይዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። ማኅበር ሲቋቋም ሊቀመንበሩ ወንድ፣ ጸሐፊው ወንድ፣ ለሴት የሚተርፈው "የሴቶች ጉዳይ" የሚባለው ቦታ ነው። እዚያ የተቀመጠችው ሴትዮ ዓመቱን ሙሉ የምትታወሰው የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን፣ ሲደርስ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ የመጣው ከሴቶች ዓይናፋርነት አይደለም። ማኅበሩ ሲጀመር በወንድ ሥራ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ቋሚ ቅጥር ላለው፣ የወር ደመወዝ ለሚቀበል፣ ከሥራ በኋላ ለስብሰባ መቆየት ለሚችል ሰው ተለክቶ ነው የተቆረጠው።

ቡና ለቃሚዋን እንይ። የሐረርጌ ቡና ወደ ጅቡቲ ከመጫኑ በፊት ይለቀማል። ከዛፍ የሚለቀመውን ማለቴ አይደለም፤ በመጋዘን የሚደረገውን ነው። የእኛ ቡና ከነገለባው ደርቆ ነው የሚፈለፈለው። ስለዚህ የሚወጣለት ነገር ብዙ ነው። ጥቁር ፍሬ፣ የተሰበረ ፍሬ፣ ነቀዝ የበላው፣ ቅርፊት፣ ጠጠር። ሴቶቹ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሻሹ እስከ ቅንድብ ይወርዳል፣ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈናል። አቧራው ግን መግቢያ አያጣም። በድሬ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ለሰዓታት ጎንበስ ብሎ መቀመጥ ወገብ ይጨርሳል። ጣቶቹ ግን አያርፉም። መጥፎውን ፍሬ ወደ ጎን ይገፉታል፣ ጥሩውን ወደ ፊት ይስቡታል። ከሩቅ ለሚያይ የሚጫወቱ ይመስላል።

ይህ ሥራ የሚከፈለው በለቀሙት ልክ ነው። ቡና ሲገባ ሥራ አለ፤ ቡና ሲያልቅ ሥራ የለም። ልጇ የታመመባት ቀን የቀረች ሴት የዚያን ቀን እንጀራ አጣች ማለት ነው። ውጭ ያለው ገዢ ስለ ሐረር ቡና ጥራት ሲያወራ፣ ያ ጥራት ያለፈው በእነዚህ ጣቶች በኩል ነው። በወረቀት ላይ ግን ይቺ ሴት ማን ናት? ቋሚ ሠራተኛ አትባልም። በደመወዝ መክፈያ ላይ ስሟ አይገኝም። የማኅበር መዋጮ ከምኗ ይቆረጥ?

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። የቤት ሠራተኛን ጭራሹን አያውቃትም። ለምድር ባቡር 50 ሰው ማለት ምንም አይደለም። ወቅት እየጠበቀች፣ ከመጋዘን መጋዘን እየተዘዋወረች ለምትለቅም ሴት ግን ቁጥሩ ግድግዳ ነው። ሴት አትግባ የሚል ቃል አዋጁ ውስጥ የለም። ሴቶቹ በብዛት የሚገኙበትን የሥራ ዓይነት ግን በአንድ ቁጥር ውጭ አስቀርቶታል።

አሁን ትንሽ ራቅ ብለን ኒው ዮርክ እንሂድ። በሠራተኛ እንቅስቃሴው በቀደመው ዘመን ሴት ምን ሠራች ለሚል ሰው ከክላራ ለምሊክ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ክላራ ከዛሬዋ ዩክሬን የተሰደደች አይሁዳዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1909 የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የሴቶች ሸሚዝ ሰፊ። በዚያ ሙያ የነበሩት አብዛኞቹ እንደሷ ወጣት ስደተኞች ናቸው። አሠሪው የሚሰፉበትን መርፌና ክር ሳይቀር ከደመወዛቸው ይቆርጥ ነበር። የሸሚዝ ሰፊዎቹ ማኅበር መቶ ገደማ አባላት ነበሩት፤ ካዝናው ውስጥ የነበረው ገንዘብ ደግሞ 4 ዶላር ብቻ። ክላራ ፋብሪካ በር ላይ ቆማ አድማ ስትመራ ቅጥረኛ ጉልበተኞች ደብድበው የጎድን አጥንቶቿን ሰባብረዋል። እሷ አገግማ ተመለሰች።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 በኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት የታወቁ የማኅበር መሪዎች ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ። አይዟችሁ አሉ፣ ተጠንቀቁ አሉ። ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልቆረጠም። ክላራ ዕድል ይሰጠኝ ብላ ተነሳች። ወደ መድረኩ ወጥታ በዪዲሽ ተናገረች፤ አዳራሹን የሞሉት ሴቶች ቤታቸው የሚያወሩበት ቋንቋ ነው። ንግግር መስማት በቃኝ፣ አጠቃላይ አድማ ይጠራ የሚል አጭር ሐሳብ አቀረበች። አዳራሹ ተናወጠ። በቀናት ውስጥ 20 ሺህ ገደማ ሸሚዝ ሰፊዎች ሥራ አቆሙ። ያቺ መቶ አባል ያላት ማኅበር ማለት ነው።

አድማው ክረምቱን አልፎ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1910 ላይ አበቃ። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ፈረሙ። የሥራ ሰዓቱ በሳምንት 52 ሆነ። የመርፌና የክር ክፍያው ቀረ። ሳይፈርሙ ከቀሩት አንዱ ትራያንግል የሚባለው ፋብሪካ ነበር። የትራያንግል ሴቶች ከጠየቁት ውስጥ በሥራ ሰዓት በሮች እንዳይቆለፉና በቂ የእሳት መውጫ እንዲኖር የሚለው ነበረበት። ይህ ሳይመለስላቸው፣ ፋብሪካው ማኅበሩንም ሳይቀበል ወደ ሥራ ገቡ።

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 እሳት ተነሳ። ፋብሪካው የሕንፃውን 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ይዟል። 9ኛው ፎቅ ላይ ከሁለቱ ደረጃዎች የአንዱ በር ተቆልፎ ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ቦርሳቸው በአንድ በር ብቻ እንዲፈተሽ፣ ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ ተብሎ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላል ከ6ኛ ፎቅ በላይ አልደረሰም። ብዙዎቹ በመስኮት ዘለሉ። 146 ሰው ሞተ፤ 123ቱ ሴቶች ናቸው። ባለቤቶቹ ተከሰው በነፃ ተለቀቁ። የፋብሪካ ደኅንነት ሕጎች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ላይ እቆማለሁ። ሰዓቱ ተቀነሰ፣ ክፍያው ተስተካከለ፤ እነዚህ ትልልቅ ጥያቄዎች ነበሩ። በሩ ግን "በኋላ" የሚባል ዓይነት ጉዳይ ሆነ። በሩን የምታውቀው በየማታው ቦርሳዋን ከፍታ በዚያ በኩል የምታልፈው ሴት ናት። ድርድሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው በሩን ካላለፈበት፣ ጉዳዩ ከዝርዝሩ ግርጌ መውረዱ አይቀርም። ሴት በአመራር ላይ ትኑር ሲባል ብዙ ሰው የክብር ጉዳይ ይመስለዋል፤ እኔ የመረጃ ጉዳይ ነው የምለው። ማኅበሩ የማያየውን በር የምታየው እሷ ናት።

ክላራስ ምን ሆነች? የፋብሪካ ባለቤቶች በጥቁር መዝገብ ጻፏት፤ ሥራ አጣች። አባላቱ ሴቶች የሆኑበት የስፌት ማኅበር አመራሩ በወንዶች እጅ ቀጠለ። እሷ አገባች፣ ወለደች፣ ከዚያም የቤት እመቤቶችን ማደራጀት ጀመረች። በሥጋ ዋጋ ላይ፣ በቤት ኪራይ ላይ። ደመወዝ ጨምሮ ኪራዩ ከበለጠው ምን ዋጋ አለው የሚል ስሌት ነው። ይህን ስሌት ድሬ ውስጥ ሳቢያን ወይም መልካ ጀብዱ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ የፋብሪካ ልጆች በደንብ ያውቁታል። ፋብሪካው ትንሽ ጨመረ የሚል ወሬ ከተሰማ፣ ከደመወዙ ቀድማ አከራይዋ በር ላይ ትደርሳለች። ክላራ በስተርጅናዋ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሆና እንኳ እዚያ የሚሠሩትን ረዳት አስታማሚዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ትገፋፋ ነበር። በ96 ዓመቷ ነው ያረፈችው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የካቲት 28 ቀን 1966 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በዓለም የሴቶች ቀን ዋዜማ መሆኑ ነው። አድማው አራት ቀን ቆየ፤ መንግሥትንም አንቀጠቀጠ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት አለፈ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አንቀጽ አስገባ። ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የወለሉን ነገር ያነሳል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ዛሬም ከዚህ በታች አትከፈልም የሚባልበት ወለል የለውም።

ይህ የሁሉም ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ክብደቱ ግን እኩል አይደለም። የደመወዝ መሰላሉ ታችኛው እርከን ላይ ማን እንደቆመ እንይ። በ2011 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጀማሪ ልብስ ሰፊ የወር መነሻ 26 ዶላር ነው ብሎ ነበር። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። ከዚያ ወዲህ ብሩ ወድቋል፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስታስወጣ ቀድመው ከሥራ የተሰናበቱት እነዚሁ ሰፊዎች ናቸው። ወለል ማለት ለእነሱ ነው። በድርድር የተሻለ ደመወዝ ማግኘት የሚችል ባለሙያ ወለል ባይኖርም ይኖራል።

አዋጁ ጥሩ ነገር የለውም አልልም። የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ሆኗል፤ 30 ከመውለድ በፊት፣ 90 ከወለደች በኋላ። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ጥፋት ብሎታል። ማኅበር ለማቋቋምም አሁን 10 ሠራተኛ ይበቃል። ከ50 ወደ 10 መውረዱ ትልቅ ለውጥ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ግን አሁንም በአዋጁ አትሸፈንም፤ የእሷ ነገር በደንብ ይወሰናል ተብሎ ተቀምጧል። ይኸው "በኋላ" እንደገና።

ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ ለምን አሁን ያስቸኩላል? ነሐሴ 2014 የኢንዱስትሪ ፓርኩ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። ድርጅቶች እየገቡ ነው፤ ሌሎችም ይጠበቃሉ። አዲስ ድርጅት ሲገባ የሥራ ደንቡ፣ ፈረቃው፣ ሰርቪሱ፣ የቅጥሩ ዓይነት ገና አልደረቀም። ያኔ የተቀመጠ ነገር ልማድ ይሆናል። በኋላ ለማስለወጥ አሥር እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ባቡረኞቹ ያለ ሕግ የሠሩትን ሥራ የዛሬዎቹ ሴቶች በሕግ ሥር ሊሠሩት ይችላሉ።

ታዲያ የእኛ የተቆለፈ በር የትኛው ነው? ሴቶቹን ብትጠይቃቸው መጀመሪያ የሚነግሩህ ስለ ደመወዝ ነው፤ ትንሽ ከተቀመጥክ ግን ወደ መንገዱ ይመጣሉ። የማታው ፈረቃ ሲያልቅ ሰርቪሱ ዋና መንገድ ላይ ያወርዳል። ከዚያ እስከ ቤት ያለው ጨለማ የማን ነው? ፋብሪካው "ከበሬ ውጭ" ይላል። ቀበሌው "የፋብሪካው ሠራተኛ" ይላል። ባጃጅ ከተገኘ የማታ ዋጋ ነው፤ የቀኑን ምሳ ያህል ይወስዳል። ብዙ ልጆች ሥራ የሚለቁት ሥራው ከብዷቸው ሳይሆን ይህን መንገድ ፈርተው ነው። በመዝገብ ላይ ግን "በራሷ ፈቃድ ለቀቀች" ተብሎ ይጻፋል። ማኅበሩ ይህን እንደ ሥራ ጉዳይ ካልቆጠረው ማን ይቆጥረዋል?

ሌላው ሱፐርቫይዘሩ ነው። የትርፍ ሰዓት ማን እንደሚያገኝ፣ ማን ወደ ቀላሉ መስመር እንደሚዛወር፣ የሙከራ ጊዜውን ማን እንደሚያልፍ በእሱ አፍ ያልቃል። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ 60 የሥራ ቀን ነው። በ60 ቀን ውስጥ የነካካትን ሰው የምትከስ ልጅ ሥራዋን አስይዛ ነው የምትከሰው። ሕጉ ትንኮሳን ከልክሏል፤ ነገር ግን አቤቱታውን የሚቀበለው ያው የሰውየው አለቃ ከሆነ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሴቶች ያሉበት የማኅበር ኮሚቴ እንዲህ ያለውን አቤቱታ ስሟ ሳይወጣ መስማት ይችላል።

የስብሰባ ሰዓት ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስወጣቸው እሱ ይመስለኛል። ስብሰባው ከሥራ በኋላ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ከተጠራ ልጅ ጎረቤት ጋ ያስቀመጠች ሴት አትመጣም። ሳትመጣ ምርጫ ይደረጋል። ሳትመጣ ተመራጮቹ ወንዶች ይሆናሉ። ከዚያ "ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም" ይባላል። ስብሰባውን በምሳ ሰዓት እዚያው ግቢ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። አዋጁ የማኅበር መሪዎች ለድርድርና ለስብሰባ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲያገኙ ይፈቅዳል፤ ይህ መብት ለሴት ተመራጭ ከማንም በላይ ይጠቅማል።

መደራጀት አይችሉም የሚለውን ወሬ ደግሞ አልቀበልም። ድሬ ውስጥ ዕቁብ ሰብሳቢዋ፣ የእድር ሒሳብ ያዥዋ ማን ናት? ቡና ለቃሚዎቹ ራሳቸው መካከል ተራ አለ፣ መዋጮ አለ። የወለደች ጓደኛቸውን ይጠይቃሉ፣ ሐዘን የደረሰባትን አዋጥተው ያቆማሉ። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ገጽ ደንብ፣ ያለ አንድ ማኅተም ይሄዳል። እነሱን 10 ሆነው የሚፈርሙ ሠራተኞች ለማድረግ የቀረው ነገር አሠሪያቸው ማን እንደሆነ በወረቀት እንዲታወቅ ማድረግ ነው። ላኪው ነው? ባለመጋዘኑ ነው? ሴቶቹን ጠርቶ የሚያመጣው አለቃ ነው? እዚህ ላይ የከተማው የሠራተኛ ቢሮና ኮንፌዴሬሽኑ ሊያግዟቸው ይገባል። አሠሪው ካልታወቀ ከማን ጋር ይደራደራሉ?

ተደራጅተው ለድርድር የሚቀመጡት ደግሞ ዝርዝሩን ከወዲሁ ይጻፉት። ሰርቪሱ የማታ ፈረቃን እስከ ሰፈር ውስጥ እንዲያደርስ፣ ፌርማታዎቹም በስም እንዲጠቀሱ። የትንኮሳ አቤቱታ ከሱፐርቫይዘሩ መስመር ውጭ፣ ሴት አባል ባለችበት ኮሚቴ እንዲታይ። በለቀማና በቁጥር የሚከፈላቸው ሴቶች የሠሩት መጠን በየቀኑ ተመዝግቦ ቅጂው በእጃቸው እንዲገባ። ከአምስት ተመራጭ ስንቱ ሴት እንደሚሆን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ በቁጥር እንዲቀመጥ። የኅብረት ስምምነት ተዋዋዮቹ ሌላ ጊዜ ካልወሰኑ በቀር ለ3 ዓመት አይነካም። በዚህ ዙር ያልገባ አንቀጽ 3 ዓመት ይጠብቃል።